ደላላው ብቻውን አይደለም፦ ልጅ በደላላ ሲወሰድባችሁ ማስረጃ እንዴት ይያዛል

ቀበሌ መዝገብ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ደቡብ ወሎ ነው። የቀበሌውን ስም ግን አልጠራም። ሥራዬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

በ2015 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ሳይነግረን ወጣ። በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ገባ። ከኦቦክ በጀልባ ተሻገረና የመን ውስጥ ራስ አል ዓራ በሚባል ቦታ ታገተ። 47 ቀን። ስልኩ የተደወለ ዕለት እህቴ እኔ ቤት መጣች። ጫማ አላደረገችም። «እታለም፣ አንቺ ወረቀት ታውቂያለሽ፤ ምን እናድርግ?» አለችኝ።

ወረቀት ማወቄ በኋላ ጠቅሞናል። መጀመሪያ ላይ ግን ብዙ አጥፍተናል። እዚህ የምጽፈው ሁለቱንም ነው፤ ያጠፋነውን ሌላ ቤት እንዳይደግመው።

ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ

ሰፈር ውስጥ ሁሉም «ደላላው» ይላል። ደላላው ግን አንድ ሰው አይደለም። ልጁን የሚያግባባው አለ፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የልጁ ጓደኛ ነው። «አሁን ምንም አትክፈል፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚለው እሱ ነው። የሚያሻግረው ሌላ ነው። ባሕር ማዶ የሚያግተውና የሚደበድበውም ሌላ ነው። ብሩን የሚቀበለው ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው ነው።

ከእነዚህ መሀል ደመወዙን ከመንግሥት የሚወስድ ሰው አለ። ዕድሜ የሚጨምር አለ። ኬላ ላይ ፊቱን የሚያዞር አለ። ዛሬ የተያዘውን አሻጋሪ ነገ የሚለቅ አለ። እሱ ባይኖር ሌሎቹ ሩቅ አይሄዱም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። 14 ብቻ በሕይወት ተረፉ። እስከዚያ ድረስ ስንት ድንበር እንዳለ ካርታ ላይ ቁጠሩት። እኔ ያን ዜና በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «ስንቱ ጠባቂ አሳለፋቸው?» የሚል ነበር።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የሊቢያዋ ዛዊያ ከተማ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አዛዥ የነበረው አብድ አል ራህማን ሚላድ በ2018 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ ተጣለበት። ስደተኛ እንዲያድን የተቀመጠ ሰው ነው። ማዕቀቡ የተጣለበት ከስደተኛ ነጋዴዎች ጋር ይሠራል ተብሎ ነው። አገሮች በ2000 እ.ኤ.አ. ፓሌርሞ ላይ የፈረሙት የተደራጀ ወንጀል ስምምነትም ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በሰው መነገድን የሚከለክለው ፕሮቶኮል የተያያዘው ከዚሁ ስምምነት ጋር ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 8 ደግሞ ስለ ሙስና ነው።

ስለዚህ ማስረጃ ስትይዙ የደላላውን ስም ብቻ አትያዙ። በሩን የከፈተለትን ሰው ዱካም ያዙ። ዱካው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወረቀት ላይ አለ።

ከዕድሜ ጀምሩ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች አብዛኞቹ ሲወለዱ አልተመዘገቡም። ዕድሜያቸው የሚጻፈው በቃልና በምስክር ነው። ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው ምስክር ይዞ ይመጣል። «22 ዓመቷ ነው» ይላሉ። ይጻፋል። ማኅተም ይመታል። ከዚያ በኋላ ያ ወረቀት በሄደበት ሁሉ እውነት ነው። ፓስፖርቱም፣ ውሉም፣ ሁሉም የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። በእኛ በር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ ስታልፍ አውቃታለሁ። 8ኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ፋይሏን ወደ መደርደሪያ ስመልስ 22 ዓመት ይላል። አየሁት፤ መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ልጅቷ የት እንደደረሰች አላውቅም። ይህን ስጽፍ ፊቷ ፊቴ ላይ ነው።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ይህን ነው። ልጃችሁ ገና ቤት ሳለ የዕድሜውን ማስረጃ ሰብስቡ። የክትባት ካርድ ካለ ጥሩ ነው። የክርስትና ወረቀት ያለው እሱን ያስቀምጥ። ከሁሉም የሚጠነክረው ግን የትምህርት ቤት ማስረጃ ነው፤ በየዓመቱ ስለሚሞላ በአንድ ቀን አይቀየርም። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሂዱና «ተማሪያችን ነው፤ በዚህ ዓመት በዚህ ክፍል ይማራል፤ የተመዘገበ ዕድሜው ይህ ነው» የሚል ደብዳቤ በማኅተም አስጽፉ። ልጁ ከጠፋ በኋላ ብትጠይቁ የሚፈራ ይኖራል። ፋይዳ ሲመዘገብም የልደት ቀኑ ትክክል መሆኑን አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ልጁ እጅ ላይ ያላወቃችሁት መታወቂያ ካገኛችሁ አትቅደዱት። የእህቴ ባል ተናዶ ቀደደው። ያ ትልቁ ጥፋታችን ነበር። መታወቂያው ላይ ቁጥር አለ፣ የተሰጠበት ቀን አለ፣ የፈረመው ሰው ቲተር አለ። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሡት።

ዕድሜ ለምን እንዲህ አስፈለገ? ከ18 ዓመት በታች ከሆነ «ወዶ ነው የሄደው» የሚለው መከላከያ አይሠራም። ልጅን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ፣ ማታለሉም ማስገደዱም ባይኖር፣ በሰው መነገድ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን የቀየረው ሰው አንድ ቁጥር ብቻ አልቀየረም። ለነጋዴው መከላከያ ነው የሰጠው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ልበል። የመንግሥት ክፍያ ደረሰኝ አለው። «ለሻይ» የተባለው የለውም። ደረሰኝ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ቀኑን፣ መስኮቱንና የተጠየቃችሁትን ብር እዚያው ጻፉ።

ደብተሩ

አንድ ደብተር ግዙ። ባለ 50 ሉክ ይበቃል። ስፓይራል አይሁን፤ ከስፓይራል ገጽ ቢቀደድ አይታወቅም። ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥር ስጡ። በእስክሪፕቶ ጻፉ። ከተሳሳታችሁ አንድ መስመር አስምራችሁበት እለፉ፤ አታጥፉት።

እያንዳንዱን ገጽ ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው «የሰማሁት» በሉ። ይህ ቀላል ይመስላል። መርማሪ ፊት ስትቀርቡ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እህቴ «ኬላው ላይ ያሉት ሁሉ ይበላሉ» አለች። መርማሪው «አይተሻል?» አላት። አላየችም። ከዚያ በኋላ ያየችውንም የሚሰማት አጣች።

ምን ይጻፍ? ቤት የመጣው ሰው፣ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ ምን እንዳለ በራሱ ቃል። የስልክ ቁጥሮች ሁሉ። ልጁ የተሳፈረበት መኪና ታርጋ፣ ሙሉው ካልታወቀ የታወቀው ያህል። ያደረበት አልጋ ቤት። ብር የተሰጠበት ቦታና አጠገብ የነበረ ሰው።

የባንክ ወረቀት ለብቻው ይያዝ። ከማሽን የሚወጣው ወረቀት ጽሑፉ በጥቂት ወራት ይጠፋል። በወጣ ዕለት ኮፒ አድርጉት። በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንክ ከላካችሁ የደረሰውን መልእክት ፎቶ አንሥታችሁ ሌላ ሰው ስልክ ላይም አስቀምጡ። የእህቴ ትልቁ ልጅ «ስልኬ ሞላ» ብሎ የሁለት ሳምንት የድምፅ መልእክት አጥፍቶብናል።

ወረቀቱ ለምን እንደሚጠቅም ከታይላንድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሮሂንጋ በተባሉ የምያንማር ስደተኞች ሲነግዱ በነበሩ ሰዎች ላይ እዚያ ትልቅ ፍርድ ተሰጠ። ከተፈረደባቸው አንዱ ሌተና ጄኔራል ማናስ ኮንግፓን ነው። 27 ዓመት ተፈረደበት። የአካባቢ ባለሥልጣናትና ፖሊሶችም አብረውት ተፈረደባቸው። ጄኔራል ላይ የተደረሰው የባንክ ዝውውር ተከትሎ ነው። ብሩ ከነጋዴዎቹ ወደ እሱ ሲሄድ ወረቀት ትቶ ነበር።

ስልኩ ሲደወል

ክፈሉ ወይም አትክፈሉ አልልም። ልጁ እየጮኸ ባለበት ስልክ ፊት ያልቆመ ሰው ይህን ሊወስን አይገባም። እኛ ከፍለናል። መጀመሪያ 90 ሺህ ብር አሉን። ከፈልን። ቀጥለው 50 ሺህ ጨመሩ። አንድ በሬ፣ ሁለት ጊደርና የጓሮው ባሕር ዛፍ ሄደ።

የምለው ግን ይህ ነው። ብትከፍሉም ባትከፍሉም በዚያው ቀን አመልክቱ። ስልኩን አንድ ሰው ብቻ ያንሣ፤ የረጋው ሰው ይሁን። ድምፁን ቅዱ። የልጁን ድምፅ ሳትሰሙ አትነጋገሩ። ለድብደባው የሚሰጠውን ምክንያት አትከራከሩ፤ የሚናገረውን ሁሉ ግን ጻፉ። ብሩ በእጅ ሳይሆን በባንክ ይሂድ። በእጅ የተሰጠ ብር ማስረጃ የለውም። እኛ የመጀመሪያውን 20 ሺህ ለደላላው አጎት በእጁ ሰጠነው። ዛሬ «አላየሁም» ይላል።

ቀሪውን ያስገባንበት ሒሳብ በአንዲት ሴት ስም ነበር። የተከፈተውም ሩቅ ቦታ አይደለም፤ ከእኛ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ወንድሞቿ ነን ብለው ሄደው ሊደበድቧት የተነሡ ልጆች ነበሩ። አስቀረናቸው። የሒሳቡ ባለቤት ስሟን አከራይታ ይሆናል፤ ጭራሽ ላታውቅም ትችላለች። ደግሞስ እናንተ ከሄዳችሁ ብሩ በማግስቱ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ነው። ይህ የመርማሪ ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ወሬው ሲሰማ «እኔ የማውቀው ባለሥልጣን አለ፤ ትንሽ ብር ካላችሁ አስፈታዋለሁ» የሚል ይመጣል። እኛ ቤት ሦስት መጡ። አንዱ መለዮ የለበሰ ነበር። ብር አትስጡ። ስማቸውን ግን ደብተሩ ላይ አስፍሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ይህን በተለይ አንብቡት። ማስለቀቂያውን ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ስትልኩ ወንጀሉ እናንተ ባላችሁበት አገርም ተፈጽሟል ማለት ነው። ሊቢያ በኒ ወሊድ ውስጥ ሰዎችን በማገት የታወቀው ተወልደ ጎይቶም እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ 18 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ኔዘርላንድስን ምን አገባት? ከከፈሉት ቤተሰቦች መካከል እዚያ የሚኖሩ አሉ። ስለዚህ የላካችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ላላችሁበት አገር ፖሊስም አመልክቱ። የእኛ ወረዳ ኃላፊ እዚያ ፋይል መዝጋት አይችልም።

አቤቱታው

እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ሙያዬ ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠራችሁትን ቢሮ አትለፉት፣ ግን እሱ ላይ አትቁሙ። ቀበሌውን ከጠረጠራችሁ ወረዳው አይበቃም፤ አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ለዞን ፖሊስ መምሪያ ጻፉ። ግልባጭ ለክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ ለፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ ለፌዴራል ፖሊስ፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር አድርጉ። መጉላላት ከበዛ የሕዝብ እንባ ጠባቂና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም (ኢሰመኮ) አሉ። ግልባጭ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። 19 ዓመት ያየሁት ነው። ግልባጩ አራት ቦታ የሄደ ደብዳቤ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ቢሮ ሌላው እንደያዘው ያውቃል። ግልባጭ የሌለው ግን «እየታየ ነው» እየተባለ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል።

ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት ግቡ። ገቢ ቁጥርና ቀን ይመታበታል። በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይም እንዲመታ ጠይቁ። «ነገ ነይ» ካለ ነገ ሂዱ። ገቢ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የእኛ የመጀመሪያው ስድስት ገጽ ነበር፤ ልቅሶ ነበር። ሁለተኛው አንድ ገጽ ሆነ። አካሄዱ እንዲህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የ16 ዓመት ልጅ 21 ዓመት ተብሎ መታወቂያ ስለተሰጠውና በደላላ ተወስዶ ስለታገተ። የልጁ የትምህርት ቤት ማስረጃ ዕድሜው 16 መሆኑን ያሳያል፤ ኮፒው ተያይዟል። ከዚህ ቀበሌ በዚህ ቀን የተሰጠው መታወቂያ 21 ይላል። በማን ቃልና በማን ምስክርነት እንደተጻፈ አላውቅም፤ ፋይሉ ወጥቶ እንዲጣራ አመለክታለሁ። ለማስለቀቂያ የተጠየቅነውን ብር በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ሒሳብ አስገብተናል፤ ወረቀቱ ተያይዟል። የሒሳቡ እንቅስቃሴ እንዲመረመር አመለክታለሁ።»

«አላውቅም» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። እገሌ ጉቦ በላ ብላችሁ ከጻፋችሁ ነገ በስም ማጥፋት ልትከሰሱ ትችላላችሁ፤ ወሬው ወደ እናንተ ይዞራል። «ፋይሉ ይውጣ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን መልስ መስጠት ያለበት ፋይሉን የያዘው ሰው ነው። ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚሉ ቃላት ይቅሩ። እውነት ቢሆኑም ይቅሩ።

ሕጎቹን በስማቸው ጥሩ። በሰው የመነገድ ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ላይ መጥራት ይጠቅማል፤ አለበለዚያ የደላላው ጉዳይ ወደ አንድ ክፍል፣ የማኅተሙ ጉዳይ ወደ ሌላ ይሄድና አይገናኙም። ስጋት ካለባችሁ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ጥበቃውን በጽሑፍ ጠይቁ። ሁልጊዜ ይሰጣል አልልም። ካልጠየቃችሁት ግን ማንም አይሰጣችሁም።

ብቻችሁን አትሂዱ። ልጅ የተወሰደበት ሌላ ቤት በሰፈሩ አለ። እኛ አራት ቤተሰብ ሆነን ነው የገባነው። ሁለታችን ብር ያስገባነው በዚያችው ሴት ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ያንን ለብቻችን ብንሄድ ማንም አያውቀውም ነበር።

«ማን ይሰማናል» ለሚሉኝ ደግሞ የኪዳነ ዘካሪያስን ነገር አነሣለሁ። እሱም በኒ ወሊድ ውስጥ ሰው ሲያግት የነበረ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተያዘው በእጁ ያለፈ አንድ ልጅ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀውና ለፖሊስ ስለተናገረ ነው። በዓመቱ ፍርድ ቤት በቀረበበት ዕለት አመለጠ። ያ ልጅ ምን እንደተሰማው አስባለሁ። በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ከጠባቂ እጅ ያመለጠውን ሰው አገር ለአገር ለመፈለግ ፋይል ነበር፤ ፋይሉ የተከፈተው በአንድ ልጅ ቃል ነው።

በሕጋዊ መንገድ ለሚሄዱ

አጭር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ እዚህ ደግሞ ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው ሕጋዊ ጉዞ ታግዶ ነበር። እስከ 2010 ቆየ። በሩ ሲዘጋ በጓሮ የሚያስገባው ነው ያተረፈው። አሁን በሩ ክፍት ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አረጋግጡ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። «የቪዛ» ብሎ ከልጅቷ ብር የጠየቀ ሰው ቢሮ ቢኖረውም፣ ግድግዳው ላይ ፈቃድ ቢሰቅልም ደብተሩ ላይ ይግባ።

ልጁ ሲመለስ

የእህቴ ልጅ ከኤደን በዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት በረራ ተመለሰ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ሁለት ወር አልተናገረም። ጎረቤት «ያን ሁሉ ብር አስበልቶ» ይል ነበር። እባካችሁ ይህን አትበሉ። ሕጉ እንኳን እንዲህ ያለውን ልጅ ተጎጂ ነው የሚለው።

አትጠይቁት። ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ ይቀመጥ። የእኛ አንድ ቀን በሁለተኛው ስኒ ላይ በራሱ ጀመረ። ስለ ድብደባው አልጀመረም፤ ስለ መንገዱ ነው። «እዚህ ጋ ወረድን፣ እዚህ ጋ ሹፌሩ ወርዶ ለሰውዬው ሰጠው፣ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።» እኔ ደብተሩን ያወጣሁት እሱ ፈቅዶ ነው። የኬላዎቹን ቦታ በቅደም ተከተል ነገረኝ። አምስት ናቸው። በሦስቱ ላይ ብር ሲሰጥ በዓይኑ አይቷል። «ያየሁት» በሚለው በኩል ጻፍኩት። የቀሩትን ሁለቱን «የሰማሁት» ውስጥ አስገባሁ። ቅር አለው፤ «እርግጠኛ ነኝ» አለኝ። ቢሆንም እዚያው ተውኩት።

ባለፈው ጥቅምት ዞን ጠሩን። የልጁን ቃል ተቀበሉ። የመታወቂያው ፋይል እንዲወጣ ደብዳቤ ተጽፏል፤ ቁጥሩን ይዣለሁ። መርማሪው ደብተሩን ጠየቀኝ። ከማስረከቤ በፊት ገጽ በገጽ ኮፒ አስደረግሁ። ኮፒው ሙሉ መሆኑን አብረን ቆጠርን፤ 37 ገጽ። ኮፒውን ሰጠሁት፣ መቀበሉን አስፈረምኩት። ዋናውን ፍርድ ቤት ሲያዝ አቀርባለሁ አልኩት። እናንተም ዋናውን አትስጡ።